ሬሳ ሲመሰክር፤ የሕግ ሕክምና ታሪክና ለፍርድ የሰጠው አገልግሎት

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» ብለው የተረቱት በከንቱ አይደለም። ሰው ገድሎ የተሸሸገ ወንጀለኛ ሲፈለግ፤ ወይም ሳይገድል ገደልህ ተብሎ የታሰረ ንጹሕ ሰው ከችሎት ሲቀርብ፤ ዳኛው ነገሩን ከሥሩ ለማግኘት ማንን ይጠይቅ? ከሳሽ ለራሱ ይናገራል፤ ተከሳሽም ለራሱ ይናገራል፤ ምስክርም በዝምድና፤ በገንዘብ ወይም በፍርሃት ሊዛባ ይችላል። ነገሩን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው የሞተው ሰው ነበር፤ እርሱ ግን አንደበቱ ተዘግቷል። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ፤ ይህ የማይናገረው ምስክር በብዙ ዘመንና በብዙ ሰዎች ድካም እንዴት ለመናገር እንደበቃ ነው።

ጥበቡ የሕግ ሕክምና ይባላል። በአውሮፓ ቋንቋዎች «ፎረንሲክ» የሚባለው ቃል የወጣው ፎሩም ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ፎሩም በጥንታዊት ሮማ ገበያ የሚቆምበት፤ ሕዝብ የሚሰበሰብበትና ፍርድ የሚሰጥበት ሜዳ ነበር። እኛም «አደባባይ» ስንል ሜዳውንም ፍርዱንም ስለምናመለክት፤ የቃሉ ምሥጢር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዲህ የሕግ ሕክምና ማለት ከአደባባይ ቆሞ የሚመሰክር ሕክምና ማለት ነው። ሌላው ሐኪም ሕመምተኛውን ለማዳን ይደክማል፤ የሕግ ሐኪም ግን ለዳኛው የሚሆን እውነት ፍለጋ ይደክማል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፤ ስለ አገራችን ካልሆነ በቀር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት፤ የሥራውን መሠረት በአጭሩ ላስረዳ። የሕግ ሐኪም ከአንድ ሬሳ ፊት ሲቆም ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። ሟቹ ማን ነው? መቼ ሞተ? በምን ሞተ? ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ የሞቱ ምክንያት አንድ ነገር ነው፤ አሟሟቱ ሌላ ነገር ነው። ውሃ ውስጥ ገብቶ አየር ማጣት የሞት ምክንያት ነው። ሰውየው አዳልጦት ነው የወደቀ፤ ራሱን ነው የጣለ፤ ወይስ ሌላ ሰው ገፍትሮት ነው? የሚለው ግን የአሟሟት ጥያቄ ነው። ሕግ የሚፈልገው ሁለቱንም ነው።

ጊዜውን ለማወቅ በሬሳው ላይ የሚታዩ ሦስት ዋና ዋና ምልክቶች አሉ።

1ኛ፤ ሬሳው ይቀዘቅዛል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የሰውነቱ ሙቀት በየሰዓቱ ወደ አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ነገር ግን የቆላው ሐሩርና የደጋው ብርድ፤ የሟቹም ውፍረትና የለበሰው ልብስ ስሌቱን ስለሚለውጡት፤ አስተዋይ ሐኪም «በዚህች ደቂቃ ሞተ» ብሎ አይምልም።

2ኛ፤ መዘዋወሩን ያቆመው ደም ወደ ታችኛው የአካል ክፍል ይወርድና ቆዳውን ያጠቁረዋል። ይህ ቀለም ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ በደረቱ ተደፍቶ የተገኘ ሬሳ ቀለሙ በጀርባው ላይ ከታየ፤ ሰውየው ከሞተ በኋላ አንድ እጅ እንዳገላበጠው ወይም ከሌላ ስፍራ እንዳመጣው ይታወቃል።

3ኛ፤ ጡንቻው እንደ እንጨት ይደርቃል። ድርቀቱ በመጀመሪያ የሚታወቀው በመንጋጋ ላይ ነው፤ ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ መላውን አካል ይይዛል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ይለቃል።

አሟሟቱን ለመለየትም እንደዚሁ ምልክት አለ። ራሱን በገመድ የሰቀለ ሰው የገመዱ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከአገጩ ሥር ተነሥቶ ወደ ጆሮው ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ሌላ ሰው በገመድ ያነቀው እንደ ሆነ ግን ምልክቱ አንገቱን ዙሪያውን አግድም ይከባል። በጩቤ ሲወጉት ለመከላከል የታገለ ሰው መዳፉና ክንዱ ተቆራርጦ ይገኛል። ከእሳት ውስጥ የወጣ ሬሳ በጉሮሮውና በአየር ቧንቧው ጥላሸት ቢገኝበት፤ እሳቱ ሲነሣ ይተነፍስ ነበር ማለት ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ምልክት ለማወቅ ብዙ ትውልድ አልፏል።

ሐኪም ስለተገደለ ሰው ሲመሰክር ከተጻፉልን ጥንታውያን ታሪኮች አንዱ የሮማው የዩልዮስ ቄሣር ታሪክ ነው። ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት በሴራ በተገደለ ጊዜ፤ አንቲስትዮስ የሚባል ሐኪም ሬሳውን መርምሮ 23 ቁስል እንደቈጠረና ከእነዚያ ሁሉ የሚገድለው ደረቱ ላይ ያረፈው ሁለተኛው ቁስል ብቻ እንደ ሆነ ተናገረ ይባላል። ልብ በሉ፤ ሐኪሙ ማን እንደገደለው አልተናገረም፤ የትኛው ቁስል እንደገደለው ብቻ ተናገረ። የዚህ ሙያ ወሰን ከጥንት ጀምሮ እዚህ ላይ ነው።

የዚህን ጥበብ ታላቅ መጽሐፍ መጀመሪያ ያገኘችው አገር ግን ቻይና ናት። የሚያስደንቀውም የመጽሐፉ ደራሲ ሐኪም አለመሆኑ ነው። ሶንግ ጺ የሚባለው ይህ ሰው በ1186 ዓ.ም. ተወልዶ በ1249 ዓ.ም. የሞተ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በደቡባዊው የሶንግ ነገሥታት ዘመን አራት ጊዜ በፍርድ ሹመት ተሾሞ ሲያገለግል፤ ንጹሐን ሰዎች በመርማሪዎች ቸልተኝነት ሲጠፉ አየና ልቡ ቈሰለ። ከዚህም የተነሣ በ1247 ዓ.ም. «በደልን ማጠብ» ተብሎ ሊተረጐም የሚችል መጽሐፍ ጻፈ። ቻይናውያን ሹማምንት ይህን መጽሐፍ ብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል።

ሶንግ ጺ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው ሥርዓትን ነው። የሞት ቅጣት ከፍርድ ሁሉ የከበደ ነው፤ የሞት ቅጣት የሚቆመው ደግሞ በመጀመሪያው ምርመራ ላይ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የተጻፈች አንዲት የተሳሳተች ቃል እስከ መጨረሻው ፍርድ ድረስ ተከትላ ሰው ትገድላለች ብሎ ያስጠነቅቃል። ሹሙ ራሱ ከሬሳው ዘንድ መድረስ አለበት፤ ሽታውን ጠልቶ ከሩቅ ቢቆምና በበታቾቹ ወሬ ቢጽፍ በደለኛ ነው። ሊመረምር ሲወርድ ከተከራካሪዎቹ ወገን ቤት ማደር አይገባውም። ያየውን በዚያው ስፍራ መመዝገብ አለበት። ክቡራን አድማጮች፤ በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ የምንይዝና ጽሑፍ የምናረቅ ሁሉ፤ ይህን ትእዛዝ ስንሰማ ከ700 ዓመት በፊት ለኖሩ ሰዎች ብቻ የተነገረ አድርገን ማለፍ አይቻለንም።

በመጽሐፉ ውስጥ ከሚገኙት ታሪኮች አንዱ ይህ ነው። አንድ ሰው በመንገድ ዳር ከአሥር በሚበልጥ ቦታ ተቈራርጦ ሞቶ ተገኘ። መጀመሪያ ሽፍታ የገደለው መሰለ። ነገር ግን መርማሪው ልብሱና ዕቃው ሳይነካ መገኘቱን አይቶ፤ ሽፍታ ንብረት ይፈልጋል፤ ይህን የገደለው ግን ቂም ነው አለ። ቁስሉንም አይቶ በማጭድ እንደተመታ ዐወቀ። የሟቹን ሚስት ጠላት እንደነበረው ቢጠይቃት፤ አንድ ሰው ገንዘብ ሊበደር ፈልጎ ባለማግኘቱ እንደተቀየመ ነገረችው። መርማሪው የአካባቢው ሰዎች ሁሉ ማጭዳቸውን እንዲያመጡ፤ የደበቀም እንደ ገዳይ እንደሚቈጠር አስነገረ። ከ70 እስከ 80 የሚሆን ማጭድ መሬት ላይ ተደረደረ። ወቅቱ የሙቀት ወራት ስለነበረ ዝንቦች መጥተው በአንዱ ማጭድ ላይ ብቻ ሰፈሩ። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ፤ ያ ብድር የተከለከለው ሰው ሆኖ ተገኘ። ብረቱ ታጥቦ ንጹሕ ቢመስልም፤ ለሰው ዓይን የማይታየው የደም ርዝራዥ ከዝንብ አልተሰወረም። ሰውየውም ራሱን መሬት ላይ እየደበደበ አመነ ይላል መጽሐፉ።

ሌላም የቈየ የቻይና ታሪክ አለ። አንዲት ሴት ባሏን ገድላ ቤቱን በእሳት አቃጠለችና ቃጠሎ ገደለው ብላ ጮኸች። ዳኛው ሁለት ዐሣማዎች አስመጣ፤ አንዱን ካሳረደ በኋላ፤ ሁለተኛውን በሕይወቱ ሳለ በእሳት ውስጥ እንዲያቃጥሉ አደረገ። ሕያው ሆኖ የተቃጠለው አፉ አመድ መላበት፤ ሞቶ የተቃጠለው ግን አፉ ንጹሕ ነበር። የሟቹም አፍ አመድ እንደሌለበት ታየ። አድራጎቱ በእንስሳው ላይ የጨከነ መሆኑ አይካድም፤ ዳኛው ግን በግምት ከመፍረድ አስቀድሞ መፈተንን የመረጠ ሰው መሆኑን ማየት ይገባናል።

በአውሮፓ ይህ ጥበብ ቀስ ብሎ ነው የተራመደው። በ1302 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ አዞሊኖ የሚባል ሰው በድንገት ሞቶ በመርዝ ሳይገደል አልቀረም ተብሎ በተጠረጠረ ጊዜ፤ ዳኞች ባርቶሎሜዮ ዳ ቫሪኛና የሚባለውን ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር አዘዙ። ሐኪሞቹ ሬሳውን ከፍተው አይተው፤ ሰውየው የሞተው በመርዝ ሳይሆን በውስጥ ደም ሥሩ ደም በመከማቸቱ ነው ብለው በጽሑፍ መሰከሩ። በ1532 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ለጀርመን አገሮች ባወጡት የወንጀል ሕግ፤ ስለ ቁስል፤ ስለ መርዝና ስለ ሕፃናት መገደል ዳኞች ሐኪሞችንና አዋላጆችን እንዲጠይቁ ታዘዘ። በሚቀጥለው መቶ ዓመት ደግሞ ከ1621 ዓ.ም. ጀምሮ በሮማ ፓኦሎ ዛኪያ የተባለው ሐኪም የሕግንና የሕክምናን ጥያቄዎች ያጣመረ ሰፊ መጽሐፍ በየክፍሉ አሳተመ።

ይሁን እንጂ አንድ ጠላት ለሐኪሞቹ ሁሉ አልሸነፍ ብሎ ነበር፤ እርሱም መርዝ ነው። የጩቤ ቁስል ይታያል፤ የገመድ ምልክት ይታያል፤ መርዝ ግን በወጥና በመጠጥ ገብቶ በደዌ ተመስሎ ይወጣል። ከመርዝም ሁሉ የከፋው አርሴኒክ ነበር። ነጭ ዱቄት ነው፤ ሽታ የለውም፤ ጣዕሙ አይታወቅም፤ ለአይጥ ማጥፊያ ተብሎ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ የጠጣውም ሰው የኮሌራ በሽተኛ ይመስል ነበር። ፈረንሣውያን በምጸት «የውርስ ዱቄት» ብለው ሰየሙት፤ ሀብታም ዘመዱ አልሞት ያለው ወራሽ የሚሻው ነበርና።

በ1832 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አንድ ወጣት አያቱን በቡና ውስጥ አርሴኒክ አድርጎ ገደለ ተብሎ ተከሰሰ። በዉልዊች የመሣሪያ ግምጃ ቤት የሚሠራ ጄምስ ማርሽ የሚባል የኬሚስትሪ ዐዋቂ መርዙን ፈልጎ አገኘ። ነገር ግን ያወጣው ቢጫ ዝቃጭ ከፈራጆቹ ፊት እስኪቀርብ ተበላሸና ተከሳሹ በነፃ ተለቀቀ። በኋላ ግን ገዳይነቱን አመነ። ማርሽ በዚህ ተናዶ አላረፈም፤ በ1836 ዓ.ም. አዲስ መፈተኛ አወጣ። የተጠረጠረው ነገር ከዚንክና ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ፤ አርሴኒክ ያለበት እንደ ሆነ በአየር መልክ ይወጣል፤ አየሩም ሲቀጣጠል ቀዝቃዛ ሸክላ ወይም ብርጭቆ ቢቀርብለት የሚያንጸባርቅ ጥቁር መስተዋት መሰል ነገር ይለጥፍበታል። ከዚህ በኋላ ፈራጆች መርዙን በዓይናቸው ለማየት ቻሉ።

አሁን ወደ ታላቁ ክርክር ደርሰናል። በፈረንሣይ አገር ማሪ ካፔል የምትባል ከመልካም ቤተሰብ የተወለደች የ23 ዓመት ወጣት፤ በነሐሴ ወር 1839 ዓ.ም. በአገናኝ አማካይነት ሻርል ላፋርዥ የሚባል የብረት ማቅለጫ ባለቤት አገባች። ባለጸጋ ነው ተብላ ነበር፤ ለ ግላንዲየ በሚባለው ርስቱ ስትደርስ ግን ያገኘችው አይጥ የሚራወጥበት የፈራረሰ አሮጌ ገዳም ነበር፤ ሰውየውም በዕዳ ተይዞ ነበር። በታኅሣሥ ወር ባልዋ ለጉዳይ ፓሪስ ሄዶ ሳለ ኬክ ላከችለት፤ እርሱም ታመመ። ወደ ቤቱ ተመልሶ በጥር 14 ቀን 1840 ዓ.ም. ሞተ። ማሪ ለአይጥ ብላ አርሴኒክ ገዝታ ነበር። አንዲት የቤቱ ሰው ለበሽተኛው በሚሰጠው መጠጥ ውስጥ ነጭ ዱቄት ስትበጠብጥ እንዳየቻት ተናገረች፤ ማሪ ግን የግራር ሙጫ ዱቄት ነው አለች።

ክርክሩ በመስከረም ወር በቱል ከተማ ተሰማ። መጀመሪያ የመረመሩት የአገሩ ሐኪሞች በአሮጌው ዘዴ ሠርተው መርዝ አገኘን አሉ። የተከሳሿ ጠበቃ በዚያን ዘመን በመርዝ ዕውቀት በአውሮፓ ሁሉ የታወቀውን ኦርፊላን በደብዳቤ ጠይቆ፤ ያ ምርመራ የማይረባ መሆኑን አስመሰከረ። ኦርፊላ በ1787 ዓ.ም. በሚኖርካ ደሴት ተወልዶ የፓሪስ የሕክምና ትምህርት ቤት አለቃ ለመሆን የበቃና ከ1813 እስከ 1815 ባሉት ዓመታት ስለ መርዝ ያሳተመው መጽሐፍ መሠረት የሆነ ሰው ነበር። ቀጥሎ ሌሎች የመድኃኒት ዐዋቂዎች በማርሽ መፈተኛ የሟቹን ጨጓራ ሞከሩ፤ ምንም አላገኙም። ሬሳው ከመቃብር ወጥቶ ተመረመረ፤ አሁንም ምንም የለም ተባለ። ችሎቱ ተናወጠ፤ የማሪ ወዳጆች አለቀሱ፤ ነፃ ልትወጣ ነው ተባለ። ይሁን እንጂ ከቤት የተገኘው መጠጥ ሲፈተን በአርሴኒክ የተሞላ ሆነ። ዐቃቤ ሕጉም ይህ መጣረስ የሚፈታው በኦርፊላ ነው ብሎ ጠየቀ።

ኦርፊላ ከፓሪስ መጥቶ፤ ከእርሱ በፊት የሠሩት ባለሙያዎች ቆመው እያዩት፤ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ሌሊቱን ሲሠራ አደረ። በማግሥቱ ከሬሳው አርሴኒክ እንዳወጣ ተናገረ። መርዙ እርሱ ከተጠቀመበት ኬሚካል እንዳልመጣ፤ በሣጥኑ ዙሪያ ካለው አፈርም እንዳልገባ አስረዳ። የበፊተኞቹ ባለሙያዎች መሣሪያው ሳይሆን የአሠራራቸው ጕድለት እንዳሳታቸው ተገለጠ። በመስከረም 19 ቀን ማሪ ላፋርዥ ዕድሜ ልኳን በከባድ ሥራ እንድትቀጣ ተፈረደባት፤ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡላት። በ1852 ዓ.ም. በሳምባ ነቀርሳ ታማ ተለቀቀችና በዚያው ዓመት ሞተች። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ንጹሕ ነኝ ትል ነበር።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በመከላከያ ወገን የተጠራው ራስፓይ የሚባል ሌላ ዐዋቂ ዘግይቶ ፍርዱ ካለቀ በኋላ ደረሰ፤ ዚንኩ ራሱ አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላልና በዚህ ዓይነት አሠራር ከዳኛው ወንበርም አርሴኒክ አወጣለሁ ብሎ ተከራከረ ይባላል። ፈረንሣውያን ለብዙ ዘመን በሁለት ተከፍለው ተሟገቱ። ከዚህ ክርክር የተገኘው ትምህርት ግን ከፍርዱ ይልቅ የቈየ ነው። አንዱ መሣሪያ በአላዋቂ እጅ የለም ሲል፤ በዐዋቂ እጅ አለ አለ። እንግዲህ ማስረጃው መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ የሠራው ሰው ዕውቀት፤ ጥንቃቄና ንጽሕናም የማስረጃው ክፍል ነው። የአንዱን ምርመራ ሌላው ደግሞ እንዲያየው መደረጉም የፍርድ ዋስትና ነው።

ከዚህ ወዲህ ዕውቀቱ እየተፋጠነ ሄደ። በ1892 ዓ.ም. በአርጀንቲና በኔኮቼያ ከተማ ሁለት ሕፃናት ተገድለው፤ እናታቸው አንድ የምታውቀውን ሰው ከሰሰች። ሰውየው ቢሠቃይም አላመነም። በኋላ ግን በበሩ ላይ በደም የታተመ የአውራ ጣት አሻራ ተገኘና ከእናቲቱ ጣት ጋር አንድ ሆነ፤ እርስዋም አመነች። ንጹሑን ሰው ያዳነው ጩኸቱ ሳይሆን የበሩ እንጨት ነው። በ1901 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኡለንሁት የሰውን ደም ከእንስሳ ደም ለመለየት የሚያስችል ዘዴ አገኘ። ወዲያው ሁለት ወንድማማች ሕፃናትን በመግደል የተጠረጠረ አንድ አናጢ በልብሱ ላይ ያለው ነጠብጣብ የእንጨት ቀለም ነው ሲል፤ ከፊሉ የሰው፤ ከፊሉም የበግ ደም ሆኖ ተገኘበት።

በ1984 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው አሌክ ጄፍሪስ በሌስተር ዩኒቨርስቲ እያንዳንዱን ሰው በደሙ፤ በጠጕሩና በምራቁ ውስጥ ባለው ዲ ኤን ኤ በሚባለው የዘር ጽሑፍ ለይቶ ለማወቅ የሚቻልበትን መንገድ አገኘ። በዚያው አውራጃ በ1983 እና በ1986 ዓ.ም. ሁለት ልጃገረዶች ተገድለው ነበር። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ተይዞ የሁለተኛይቱን መገደል አምኖ ነበር። ጄፍሪስ ሲመረምር ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው መሆኑን፤ ያ ሰው ግን ይህ ልጅ አለመሆኑን አረጋገጠ። ከዚያም ከ5000 የሚበልጡ ወንዶች ደም ተሰበሰበ፤ እውነተኛው ገዳይ ሌላ ሰው በስሙ ደም እንዲሰጥለት አድርጎ አምልጦ ነበር፤ ነገር ግን ወሬው ተሰምቶ በ1987 ዓ.ም. ተያዘና በ1988 ዓ.ም. ተፈረደበት። ልብ በሉ፤ ይህ ታላቅ ዕውቀት በመጀመሪያው የነፍስ ግድያ ምርመራው ገዳዩን ከመያዙ በፊት ያደረገው፤ አምኛለሁ ብሎ የነበረውን ንጹሕ ልጅ ነፃ ማውጣት ነው። ሰው በፍርሃትና በጭንቀት ያላደረገውን አደረግሁ ሊል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳል?

እንዲህም ሲሆን የዕውቀት ሰው አይሳሳትም ማለት አይደለም። በካናዳ በኦንታሪዮ አውራጃ የሕፃናትን ሬሳ የሚመረምር አንድ ባለሙያ ያልበቃውን ነገር በቃኝ ብሎ እየመሰከረ ለብዙ ዓመት ሠራ። ዳኞችም አመኑት። በኋላ በ2008 ዓ.ም. ጉዳዩን እንዲመረምር የተሠየመው ጉባኤ ባቀረበው ዘገባ፤ ስሕተቱ ብዙና ከባድ መሆኑ ተገለጠ። ልጃቸው የሞተባቸው ወላጆች በሐዘናቸው ላይ ገዳዮች ተብለው ተከሰው ነበር፤ ለብዙ ዓመታት በወህኒ የቈየ ንጹሕ ሰውም ነበረ። ሐኪም «አላውቅም» የሚለውን ቃል ሲያፍርበት፤ ነጭ ካባው የግፍ መሸፈኛ ይሆናል። የሕግ ሐኪም ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ የከሳሽም የተከሳሽም ወገን አይደለም። ዳኛም ቃሉን መመርመር እንጂ እንደ ትንቢት መቀበል አይገባውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፤ አባቶቻችንም ወንጀለኛን ለመፈለግ የደከሙበት መንገድ እንደነበራቸው እናገኛለን። በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ አድራጊው እስኪታወቅ ድረስ ይቈይ ነበር። ሕዝብ የሚያውቀውን ለማውጣት ብልሃት ነበረው፤ ነገር ግን ሕዝብ ያላየውን ሊያወጣ አይችልም፤ የተጠላ ሰውም በከንቱ የሚጠቈምበት ጊዜ ነበር። ሌባሻይ የሚባለው ደግሞ ለሕፃን ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት አጠጥቶ፤ ልጁ እየተንገዳገደ የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ ነው የሚል ሥርዓት ነበር። ስንቱ ንጹሕ ሰው በአንድ የሰከረ ሕፃን እግር ተፈርዶበት ይሆን? ይህን የምናገረው አባቶችን ለመንቀፍ አይደለም፤ አውሮፓም የጋለ ብረት እያስጨበጠች፤ ሰውን ውሃ ውስጥ እየጣለች ስትፈርድ ኖራለች። የምናገረው፤ የእውነት ረኀብ በሰው ሁሉ ዘንድ አንድ መሆኑንና ረኀቡን የሚያጠግበው ግን ምርመራ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

በአገራችን አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲወጡ፤ ፍርድ በማስረጃ እንዲቆም መንገዱ ተጠረገ። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የተከሰሰው ሰው በተመዘገበ ሐኪም እንዲመረመር፤ ምርመራውም የደም ምርመራን እንዲጨምር፤ ውጤቱም በጽሑፍ እንዲሆን ደነገገ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም በደርግ ዘመን ተገድለው በስውር የተቀበሩ ሰዎች አፅም ሲወጣ፤ በገዛ አገራቸው የጠፉ ወገኖቻቸውን አፅም ሲፈልጉ የኖሩ የአርጀንቲና ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል። ያ አፅም ለብዙ ዓመት አልተናገረም፤ ሆኖም ያለፈበትን ይዞ ቈይቶ ነበር። ልጅዋ የት እንደወደቀ ሳታውቅ ለኖረች እናት፤ እውነቱን ማወቅ ራሱ አንድ የፍርድ ክፍል ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንወስደው ምንድን ነው? አደጋ ከደረሰበት ስፍራ ስንደርስ ሬሳውን ከማገላበጥ፤ ደሙን ከማጠብ፤ ዕቃውን ከማንሣት እንከልከል፤ እኛ በርኅራኄ ያጠብነው ነጠብጣብ የአንድ ንጹሕ ሰው ነፃነት ሊሆን ይችላልና። ሐዘንተኛ የሆንን እንደ ሆነም፤ የወዳጃችን ሬሳ ይመርመር ሲባል እንደ ውርደት አንቁጠረው፤ ሟቹ የመጨረሻውን ቃሉን የሚናገርበት ዕድል ነውና። በመሥሪያ ቤት ያለን ደግሞ የቻይናውን ሹም እናስታውስ። እርሱ ሐኪም አልነበረም፤ ማጕሊያ መነጽርም ዲ ኤን ኤም አልነበረውም። የነበረው፤ በመዝገብ ላይ የሚጽፋት እያንዳንዷ ቃል የሰው ነፍስ እንደተሸከመች ማወቅ ብቻ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ንጋት በራሱ ጊዜ ሲመጣ፤ እውነት ቆፍሮ የሚያወጣው ሰው ትፈልጋለች።